የጡት ካንሰር የፓቶሎጂ ውጤት እጃችሁ ሲገባ ምን ምኑን ልታዩ፣ ምን ልትጠይቁ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከጡት የተወሰደ ናሙና በሰም ተይዞ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ገብቶበት በማይክሮስኮፕ አይቶ ውጤቱን ለሚጽፈው ሐኪም፣ ለፓቶሎጂስቱ፣ እስኪቀርብ ድረስ ያለው ሥራ የእኔና የባልደረቦቼ ነው። ውጤት የሚሰጥበት መስኮትም ከምሠራበት ክፍል ብዙ አይርቅም። እዚያ ቆመው ወረቀቱን የሚያገላብጡ እህቶች፣ ባሎች፣ ልጆች ሁሌም የሚጠይቁት ያንኑ ነው። «ምን ይላል? ትድናለች?»

ይህን መመለስ የሐኪሟ ሥራ ነው። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት፣ እያንዳንዱ መስመርም ስለ ወደፊቷ ምን እንደሚጠቁም ልነግራችሁ እችላለሁ። ታማሚዋ ራሷ ብታነበውም ያው ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ። መጥፎ ውጤት ከተጻፈበት መስመር ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ባዶ የቀረው መስመር ነው። መጥፎ የተባለው ውጤት የራሱ ሕክምና አለው። መስመሩ ባዶ ሲሆን ግን ሐኪሙ በግምት ለማከም ይገደዳል።

ናሙናው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ክፍል በአብዛኛው በእናንተ እጅ ነው። እኛ አገር ናሙናውን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ነርሷ ዕቃውን ታስረክባለች፤ ወንድም ወይም ባል ታክሲ ይዞ ይመጣል።

ሥጋው ከሰውነት ከወጣ ጀምሮ መበላሸት ይጀምራል። የሚያቆመው ፎርማሊን ነው። በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። የፎርማሊኑ መጠንም የሥጋውን 10 እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ግን በጓንት ተጠቅልሎ ደርቆ የሚመጣ አለ። በጨው ውሃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚመጣም አለ። እንዲህ ሲሆን ካንሰር መሆን አለመሆኑ ይታወቅ ይሆናል፤ ካንሰሩ የሴት ሆርሞን የሚቀበልበት ነገር እንዳለው የሚያሳየው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ግን ሊሳሳት ይችላል። ተቀባዮቹ ፕሮቲን ናቸው። ከተበላሹ የምናስገባው ቀለም አይዝም፤ ውጤቱም «ኔጌቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ሴትዮዋ ለዓመታት ሊጠብቃት የሚችለውን ኪኒን ሳታገኝ ትቀራለች። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ቀን ሐኪሙን ወይም ነርሷን ጠይቁ። «ፎርማሊን አለ? ስንት ሰዓት ላይ ይገባል?» ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን። በሃይላንድ ጠርሙስ የሚያመጡ ብዙ ናቸው። ሥጋው ሲገባ ለስላሳ ስለሆነ በጠባቡ አፍ ያልፋል። ፎርማሊን ውስጥ ሲቆይ ግን ይጠነክርና አልወጣም ይላል።

ጡቱ በሙሉ ከወጣ ደግሞ ፎርማሊን በቶሎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እንደ ድፎ ዳቦ መሰንጠቅ አለበት። «ተሰንጥቆ ነው የገባው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እናንተ ግን በፍጹም አትንኩት። የሚሰነጥቀው የሚያውቅ ሰው ነው፤ የጠርዙ ምልክት ከጠፋ ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ማወቅ ይቸግራል።

ለተቀባይ ምርመራ ተስማሚው ናሙናው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ፎርማሊን ውስጥ ሲቆይ ነው። አርብ ከሰዓት የወጣ ናሙና ሰኞ ጠዋት ቢደርሰን እንሠራበታለን። ገንዘብ እስኪሞላ ብሎ ሳምንት ቤት ማስቀመጥ ግን አይሆንም። ቢያንስ አስረክቡትና ስለ ክፍያው እንነጋገር። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት። ክዳኑንም ታክሲ ውስጥ አትክፈቱት፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል።

ዕቃው ላይ ስም፣ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑ፣ የወጣበትና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት ይጻፍ። ከናሙናው ጋር በሚላከው ወረቀት ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት ኬሞ ወስዳ እንደሆነ መጠቀስ አለበት። ኬሞ የነካው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መልኩ ይቀየራል።

በቀጭን መርፌ ብቻ አትርኩ

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያገኙት ውጤት በቀጭን መርፌ ከተሳበ ሕዋስ ነው። ርካሽ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል። ካንሰር መሆኑንም ይናገራል። ቀጥሎ የማነሳቸውን መስመሮች ግን በአብዛኛው አይሞላም። ስለዚህ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞ እንጀምር ካለ «ወፈር ባለ መርፌ ባዮፕሲ ተወስዶ ተቀባዮቹ ይታዩልን?» በሉት። ኬሞው ዕጢውን ካቀለጠው በኋላ ልንመረምረው የምንችለው ነገር ላይኖር ይችላል። ዕጢው መቅለጡ ራሱ ደስ የሚል ዜና ነው። በተለይ ሦስቱም ተቀባዮች (ኢአር፣ ፒአር፣ ሄር-ቱ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ) በሌሉበትና ሄር-ቱ ባለበት ዓይነት ላይ፣ ከኬሞ በኋላ በጡቱም በብብቱም የተረፈ ካንሰር ካልተገኘ የወደፊቱ ተስፋ በጣም ይሻሻላል። ግን ምን ዓይነት እንደነበረ ቀድሞ ተመዝግቦ መገኘት አለበት።

መጠኑና የብብት ንፍፊቶች

ወረቀቱ ላይ ዕጢው በሳንቲሜትር ተለክቶ ይጻፋል። ድንበሮቹ 2 እና 5 ሳንቲሜትር ናቸው። እስከ 2 ያለው ትንሽ ይባላል፤ ከ2 እስከ 5 መካከለኛ፤ ከ5 በላይ ትልቅ። ቆዳውን ካቆሰለ ወይም ከደረት ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ መጠኑ ምንም ይሁን ምን ከበድ ያለ ምድብ ውስጥ ይገባል።

ከመጠኑ የበለጠ የሚያሳስበኝ የንፍፊቱ ቁጥር ነው። «4/18» የሚል ካያችሁ 18 ንፍፊት ተመርምሮ በ4ቱ ካንሰር ተገኝቷል ማለት ነው። 0 ከሆነ ጥሩ ነው። ከ1 እስከ 3፣ ከ4 እስከ 9፣ 10ና ከዚያ በላይ እያለ ክብደቱ ይጨምራል። ዕጢው 3 ሳንቲሜትር ሆኖ ካንሰሩ በ2 ንፍፊት ብቻ ከተገኘ ደረጃ 2 ነው። ዕጢው ያው 3 ሳንቲሜትር ሆኖ ካንሰሩ በ5 ንፍፊት ከተገኘ ወደ ደረጃ 3 ያልፋል።

የተመረመሩትን ንፍፊቶች ቁጥርም እዩ። ብብቱ በሙሉ ተጠርጎ የተመረመረው ንፍፊት 4 ወይም 5 ብቻ ከሆነ ለምን እንዳነሰ መጠየቅ ተገቢ ነው። በተለምዶ ቢያንስ 10 ይጠበቃል። ከ5 ንፍፊት 0 እና ከ18 ንፍፊት 0 እኩል እምነት አይጣልባቸውም። ሐኪሙ ግን ሆን ብሎ ካንሰሩ ቀድሞ የሚደርስባቸውን ጥቂት ንፍፊቶች ብቻ ለይቶ አውጥቶ ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ ኬሞ ወስዳ ከሆነ፣ ቁጥሩ ዝቅ ቢል ችግር የለውም።

በኢንተርኔት ቁጥር ፈልጋችሁ እንደምትደነግጡ አውቃለሁ። በአሜሪካ መዝገብ መሠረት ካንሰሩ ከጡት ሳይወጣ ከተደረሰበት ከ100 ሴቶች 99 ያህሉ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ብብት ንፍፊት ከደረሰ በኋላ ከ100 ወደ 87 ገደማ ነው። ወደ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ከተሠራጨ ከ100 ወደ 30 ገደማ ይወርዳል። ይህ እዚያ ያለውን ሕክምና በሙሉ ያገኙ ሴቶችን ጭምር የሚቆጥር ስለሆነ በቀጥታ ለእኛ አይገለበጥም። ደግሞም የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የእናንተን ሰው ስም ጠርቶ አልተጻፈም። መሠራጨቱ በእኛ ወረቀት እንደማይታወቅም ልብ በሉ። እሱ የሚታየው በደረት ራጅ፣ በጉበት አልትራሳውንድ፣ ሲያስፈልግም በሲቲ ስካን ነው።

ግሬድ 3 ማለት ደረጃ 3 ማለት አይደለም

በመስኮቱ አጠገብ ብዙ ዕንባ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ደረጃ ካንሰሩ የት ድረስ እንደሄደ ይናገራል። ግሬድ ደግሞ ሕዋሶቹ ምን ያህል ከጤናማው መልክ እንደራቁ ነው። ፓቶሎጂስቱ ሦስት ነገር ያያል፦ ሕዋሶቹ ቱቦ ይሠራሉ ወይ፣ አስኳላቸው ምን ይመስላል፣ ምን ያህል እየተከፈሉ ነው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 3 እስከ 5 ከሆነ ግሬድ 1፣ 6 እና 7 ግሬድ 2፣ 8 እና 9 ግሬድ 3። ግሬድ 3 ፈጣን ነው፤ ግን ደረጃ 1 ላይ ያለች ሴትም ግሬድ 3 ሊኖራት ይችላል። ፈጣን ካንሰር ለኬሞ የተሻለ ምላሽ የሚሰጥበትም ጊዜ ብዙ ነው።

ኬአይ-67 የሚል መቶኛ ካለም ስለዚሁ ፍጥነት ነው የሚናገረው። ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ በእሱ ብቻ አትጨነቁ። ጠርዙ ላይ ካንሰር «አልተገኘም» መባሉን፣ በትንንሽ የደምና የሊምፍ ሥሮች ውስጥ መታየት አለመታየቱንም አንብቡ። ጠርዙ ላይ ካለ በዚያው ጡት የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል፤ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ስለማስፈለጉ ሐኪሙን ጠይቁ።

ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው መስመር፦ ሦስቱ ተቀባዮች

ኢአር የኤስትሮጅን ተቀባይ ነው። ፒአር የፕሮጀስትሮን። ሦስተኛው ሄር-ቱ ነው፤ ሕዋሱ እንዲያድግ የሚገፋፋ ፕሮቲን ነው። ምርመራው ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ሁሉም ቦታም አይሠራም። በዚህ ምክንያት «ካንሰር ነው፣ ግሬድ 2» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ አለ። እባካችሁ እዚያ ላይ አትቁሙ። ናሙናው በሰም ተይዞ ብሎክ ሆኖ ተቀምጧል። ብሎኩን አስወጥታችሁ ምርመራው ወደሚሠራበት ሌላ ላቦራቶሪ መውሰድ ትችላላችሁ። ሌላ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም።

ኢአር በመቶኛ ይጻፋል። ከ1 በመቶ ጀምሮ ፖዘቲቭ ይባላል። ከ1 እስከ 10 ያለው ዝቅተኛ ፖዘቲቭ ስለሚባል ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይፈልጋል። ካንሰሩ ኢአር ፖዘቲቭ ከሆነ የሴት ሆርሞን ይመግበዋል ማለት ነው። ይህ ዝምድና ከተጠረጠረ ቆይቷል፤ ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የግላስጎው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 የታማሚ ሴቶችን እንቁልጢ አውጥቶ የጡት ካንሰራቸው ሲቀንስ ማየቱን ጽፏል። ዛሬ ያንን ሥራ የምትሠራው በቀን አንዴ የምትዋጥ ኪኒን ናት። ታሞክሲፈን ትባላለች፤ ከካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ናት። 5 ዓመት በትክክል ከተወሰደች ኢአር ፖዘቲቭ በሆኑት ላይ በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞትን አደጋ በሲሶ ያህል ትቀንሳለች። አንዳንዶች እስከ 10 ዓመት እንዲወስዱ ይመከራሉ። የወር አበባቸው ለቆመ ሴቶች ሌላ ዓይነት ኪኒንም አለ። በአገራችን በተሠሩ ጥናቶች ከተመረመሩት ሴቶች ከግማሽ በላዩ ኢአር ፖዘቲቭ ሆነው ተገኝተዋል። ያ መስመር ባዶ ሲቀር የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ሄር-ቱ በ0፣ 1፣ 2 ወይም 3 ከመደመር ምልክት ጋር ይጻፋል። 0 እና 1 ኔጌቲቭ ናቸው። 3 ፖዘቲቭ ነው። 2 ከሆነ አልተወሰነም ማለት ነው፤ ፊሽ የሚባል ሌላ ምርመራ ይጠይቃል። እንደ ኔጌቲቭ ቆጥራችሁ አትለፉት። በዓለም ደረጃ ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶው ሄር-ቱ ፖዘቲቭ ነው። ድሮ ከክፉዎቹ የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው፣ ሄር-ቱን የሚያግደው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ይህን ቀይሮታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ውድ ነው፤ ልብንም መከታተል ይፈልጋል። ግን ለእሷ እንደሚሆን ካላወቃችሁ ልትፈልጉትም አትችሉም።

ሦስቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ኪኒኗም ሆነ ትራስቱዙማብ አይሠሩም። ኬሞው ግን ይሠራል። የመመለስ አደጋው ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት አካባቢ ነው፤ 5 ዓመት ካለፈ በኋላ በጣም ይወርዳል። ኢአር ፖዘቲቩ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ቢሆንም ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ «5 ዓመት አለፈኝ» ብሎ ክትትል ማቋረጥ ለእሱ አይሆንም።

ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው

እኛ የማንለካው ትልቅ ነገር ጊዜው ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ ሳይጀመር 3 ወር ካለፈ ውጤቱ እንደሚከፋ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ያስቀመጣቸው ግቦችም ይህንኑ ያሳያሉ፦ አንዲት ሴት ሐኪም ጋ ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ፣ ከታማሚዎች ቢያንስ 80 በመቶው ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ። የጨረር ወረፋ እንደሚረዝም ታውቃላችሁ። ለዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ነበር፤ አሁን ከአዲስ አበባ ውጭም ተጀምሯል። ስለዚህ ጨረር እንደሚያስፈልጋት ከተነገራችሁ ኬሞው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ተመዝገቡ። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ማረፊያ ካጣችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ።

ጡት በሙሉ ይውጣ ወይስ ዕጢው ብቻ የሚለው ጥያቄም ቤተሰብ ያጣላል። ለትንሽ ዕጢ፣ ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ሙሉ ጡት ከማውጣት ጋር በዕድሜ ርዝማኔ እኩል መሆኑ ከ20 ዓመት ክትትል በኋላም ተረጋግጧል። ቅድመ ሁኔታው ጨረሩ መኖሩ ነው። ጨረር የማታገኝ ከሆነ ምርጫው ይለወጣል።

ከዚያ ደግሞ «ለእሷ እንዳትነግሯት» የሚባለው ነገር አለ። ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ምን እንዳለባት የማታውቅ ሴት አንዲት ኪኒን በየቀኑ ለ5 ዓመት ለምን ትውጣለች? ሙቀት ሲነሳባት፣ የወር አበባዋ ሲዛባ ትተወዋለች። በሐኪሙ በኩል፣ በቀስታ፣ ይነገራት። ጠበል የምትሄድም ከሆነ ኪኒኗን ይዛ ትሂድ። ታሞክሲፈን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ጾም አያግደውም፤ ማታ ከመኝታ በፊት ማድረግ ትችላለች። የጎረቤትን ኪኒን መካፈል ግን አይሆንም፤ ተቀባዩ ለሌላት ሴት አይጠቅምም። አንድ እግሯ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዷት። የድብርት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ለሐኪሟ ትንገር፤ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን የታሞክሲፈንን ሥራ ሊያዳክሙ ይችላሉ።

እኛ ጋ የሚመጣው ናሙና ብዙው በ30ዎቹና በ40ዎቹ ውስጥ ካሉ ሴቶች የተወሰደ ነው። በወጣትነት የሚመጣው ጠንከር ይላል። የልጅ ጉዳይም አብሮ ይነሳል። ታሞክሲፈን ላይ እያሉ ማርገዝ አይፈቀድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው እስከ 42 የሆኑ ሴቶች ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ከወሰዱ በኋላ ለማርገዝ ለጊዜው አቋርጠው ነበር፤ በተከታተሏቸው ጊዜ ውስጥ ካንሰሩ የመመለስ አደጋ አልጨመረም። እርግዝናዋን በድብቅ ከማቀድ ከሐኪሟ ጋር ብትነጋገር ይሻላታል።

ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ከሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ አንዳችሁ ትጻፍ። ደረጃው ስንት ነው? ሦስቱ ተቀባዮች ታይተዋል? ካልታዩ ብሎኩ የት አለ? ሕክምናው በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል፣ እያንዳንዱስ መቼ ይጀመራል? ዓላማው ማዳን ነው ወይስ በሽታውን ይዞ ዕድሜን ማራዘም? የመጨረሻውን መጠየቅ ይከብዳል። ግን ቤት ንብረት ከመሸጣችሁ በፊት መልሱን ማወቅ መብታችሁ ነው።

የወረቀቱን ፎቶ በስልካችሁ አንሱና ለአንድ ሌላ የቤተሰብ ሰው ላኩ። ዋናውን ከፕላስቲክ አቃፊ አታውጡ። ወረቀቱ ላይ ያለውን የላቦራቶሪ ቁጥር ለብቻው ጻፉት። ከዓመታት በኋላ አጥንቷን ቢያማት ወይም በሌላኛው ጡቷ እብጠት ቢገኝ፣ ያንን ቁጥር ይዛችሁ ስትመጡ የድሮውን ብሎክ ከመደርደሪያ አውርደን ከአዲሱ ጋር እናስተያየዋለን።